ከአሉማው መካከል የበቀለው

የባለቤቴ አባት "ይቺን ሴት ከቤቴ አውጡልኝ" ያሉኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ በልተው እጃቸውን ከታጠቡ ብዙም ሳይቆዩ ነው። ቃሉን ቤተሰቡ ሁሉ ሰማ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችንም ሰሙ። እኚህ ሰው ከዚያ ቀን በፊት አንድም ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

ሸዋ ሮቢት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የተወለድኩት አሊዩ አምባ ነው። ባለቤቴ ቀይ ሽንኩርት እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ስለሆነ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ የመስኖው ቦይ በሚያልፍበት በኩል፣ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። ታላቅ እህቱም ከባሏ ተፋትታ ተመልሳ እዚያው ነበረች። አባትየውን አባባ፣ እናትየውን እማማ፣ እህትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ።

ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ጓሮ አለ። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ጥቂት የበርበሬ መደብ። ዝናብ ከጣለ ወዲህ ጓሮውን አሉማ ሞልቶት ነበር። አሉማ ማንም ሳይዘራው የሚወጣ ቅጠል ነው፤ ለጋ ለጋውን ቀንጥሰው፣ ቀቅለው፣ በሽንኩርትና በዘይት ጠበስ ሲያደርጉት ከማሽላ እንጀራ ጋር ይጥማል። አባባ ስኳር ስላለባቸው ሐኪም ቅጠላ ቅጠል እንዲያዘወትሩ ነግሯቸዋል። ሌሎቻችን የዚያን ቀን ምስር በላን፤ አሉማው ለእሳቸው ብቻ ነበር የተሠራው። የቀነጠስኩት እኔ ነኝ። ያጠበችው እትዬ ናት። ያበሰልኩትም እኔ፣ ጨዉን ለማየት የቀመስኩትም እኔ።

አባባ ጥግብ ብለው በሉ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ሰጠኋቸው። አሁንም ጠየቁ። ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ መናገር አቃታቸው። ለዙህር ሰላት ተነሥተው መስገጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ከመስገድ ይልቅ ያጥፉት፣ ይዘረጉት፣ መልሰው ያጥፉት ጀመር። ፊታቸው ቀልቷል። ከዚያ በጣቶቻቸው ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይመዙ ጀመር፤ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ወንድማቸውን በስም እየጠሩ ግመሉ ገደል እንዳይገባ ያዘው ይሉታል። እማማ ያ አላህ እያሉ እጃቸውን ሊይዟቸው ሲሞክሩ እኔ ውሃ ይዤ ቀረብኩ። አባባ ብርጭቆውን በእጃቸው መቱት።

"ይቺ ማናት? ይቺን ሴት ከቤቴ አውጡልኝ።"

"ምራታችን ናት እኮ" አሉ እማማ።

"ምራት አይደለችም። ከፓፓያው ሥር ቀብራዋለች።"

ምን እንደቀበርኩ አልተናገሩም። ግን እማማ ቀና ብለው አዩኝ፤ እትዬም አየችኝ።

እትዬ ሮጣ ባጃጅ ጠራች። እማማና እኔ አባባን ከግራና ከቀኝ ይዘን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። መንገዱን ሁሉ ከባጃጁ ለመውረድ ይታገሉ ነበር። ያየን ባለሙያ ወጣት ነው፤ ዓይናቸው ላይ ባትሪ አብርቶ ተመለከተ። የዓይናቸው ጥቁሩ ክፍል ሰፍቶ ነጩን ሊውጠው ደርሷል። ምን እንደበሉ፣ ምን እንደጠጡ ጠየቀን። ቀጥሎም "የባህል መድኃኒት የሰጣቸው ሰው አለ?" አለ። እኔ የለም አልኩ። እማማ ግን ዞረው እኔን ነው ያዩት።

ባለሙያው ነገሩ የዕፅዋት መርዝ እንደሚመስለው፣ ከበሉት የተረፈ ካለ ብናመጣለት እንደሚረዳው ነገረን። እኔ ላመጣ ወደ ቤት ተመለስኩ። ድስቱ ተፈትጎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ሳህኑም እንደዚያው። እትዬ ልማዷ አልነበረም፤ ዕቃ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ምነው አጠብሽው ብዬ ስጠይቃት ሥራ እንዲቀልልሽ ብዬ ነው አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

አባባ በደም ሥራቸው ፈሳሽ ተሰክቶላቸው አደሩ። በማግሥቱ ጠዋት እማማን የት ነው ያለሁት አሏቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አእምሯቸው ተመለሰ። የተናገሩትን አንዲት ቃል እንኳ አያስታውሱም። የሰማነው እኛ ግን አልረሳነውም።

ማንም በፊት ለፊት አልከሰሰኝም። ቢከሱኝ መልስ በኖረኝ። እማማ "ልጄ፣ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ" ብለው የጓዳውን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወጥ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ውሃ ብቀዳ እትዬ ደግማ ትቀዳለች። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በቀጥታ እናቱ ክፍል ገብቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን በእጁ እያዞረ፣ ከአሊዩ አምባ ስመጣ እናቴ የሰጠችኝ ሥር ወይም ቅጠል እንዳለ ጠየቀኝ። የእኛ አገር ሰው መድኃኒት ያውቃል ይባላል፤ ይህን ስሰማ ስላደግሁ አልገረመኝም። የገረመኝ ከእሱ አፍ መውጣቱ ነው። ምንም እንደሌለ በአላህ ስም ማልኩለት። እሺ አለ። ሻዩ ግን ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። አባባ በታመሙ ማግሥት የቀሚሴን ጠርዝ ልሰፋ መርፌ ሳነሣ ክሩን ከቀዳዳው ማስገባት አቃተኝ። ስልኬን ከፍቼ ከእናቴ የመጣውን መልእክት ላነብ ስል ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። ጉሮሮዬም ደርቋል። ድንጋጤ ነው ብዬ ተውኩት፤ ሲውል ሲያድር ለቀቀኝ። በኋላ ግን ሳስበው የደረሰብኝ የአባባ ሕመም ታናሽ ነበር። ለጨው ስቀምስ ያገኘኝ ነው ማለት ነው። እንግዲያ ነገሩ ከድስቱ ውስጥ ነበር። እኔ አልጨመርኩም። ማን ጨመረው? ቅጠሉን ያጠበችው እትዬ፤ ድስቱንም ያጠበችው እትዬ። እኛ የምንተኛበት ክፍል ከሰርጋችን በፊት የእሷ እንደነበረም አውቃለሁ። ከእኔ መምጣት ወዲህ ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ነው የምታድረው።

እንዲህ እያልኩ እኔም ተጠርጣሪዬን ያዝኩ። እሷ ስገባ ወሬዋን ታቋርጣለች፤ እኔ የምትሰጠኝን ውሃ ሳላሸት አልጠጣም። በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠባበቅን።

አንድ ዓርብ ወንዶቹ ለጁምዓ ወጥተው ሳለ ከገበያ ስመለስ ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ሳይ እማማና እትዬ ከፓፓያው ሥር ይቆፍራሉ። እማማ በጥንቃቄ አፈሩን በእጃቸው እያበጠሩ፣ ከጆንያ የተፈታ አንድ የተቋጠረ የፕላስቲክ ገመድ አገኙ። ቢስሚላህ ብለው በጨርቅ ያዙት። በዚያ አገር ሽንኩርት የሚታሰርበት ገመድ ነው፤ በየመንገዱ ይረገጣል። እኔን ሲያዩ ደነገጡ።

"ፓፓያውን እየኮተኮትን ነው" አሉኝ።

"አላህ ያበርታችሁ" ብዬ አለፍኩ።

ከቤቱ ጀርባ የላስቲክ ቃጠሎ ሽታ መጣ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወደ አሊዩ አምባ ልመለስ አሰብኩ፤ ዕቃዬንም መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ግን ብሄድ ጥፋተኛ ስለሆነች ሸሸች ይባላል። ዕቃዬን መልሼ አስቀመጥኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የቀነጠስኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ተንበርክኬ ቅጠል በቅጠል ማየት ጀመርኩ። አሉማ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ጅማቶቹ ጎላ ጎላ ብለው ይታያሉ፤ ሲነቅሉት የታችኛው ሥሩ ቀላ ይላል፤ ሲያሹት ሣር ሣር ነው የሚሸተው። ከመካከሉ ግን እሱን የመሰለ፣ እሱ ያልሆነ ነገር አገኘሁ። ቁመቱም የቅጠሉ ስፋትም ያው ነው። ጀርባው ግን ለስላሳ፣ ግንዱ ወይን ጠጅ የነካው፣ የቅጠሉ ጠርዝ ገና ጥርስ ሊያወጣ የሚል። አንዱን ቅጠል አሸሁት። የአይጥ ጉድጓድ የመሰለ ከባድ ሽታ ወጣው። በውሃ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በሽንኩርት ከተጠበሰ ይህ ሽታ እንደማይገኝ ገመትኩ። ስሙን ግን አላውቀውም።

አንዱን ነቅዬ ለእትዬ አሳየኋት፤ ቅጠሉን ሳይሆን ፊቷን እያየሁ። የበርበሬ ችግኝ ነው አለችኝ፤ በቅጡ ሳታየው ፊቷን አዞረች።

በማግሥቱ ሌላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሰፈራችን ወደሚሠራው የግብርና ባለሙያ ወሰድኩት። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በርበሬም ሊሆን ይችላል፣ የቲማቲምና የደበርጃን ዘመድም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል አለኝ።

"ሕፃን ሲሆኑ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አበባውን ሳላይ ስም አልሰጠውም። ተይው ይደግ፤ እስከዚያ ከዚያ ቦታ ምንም እንዳትበሉ።"

ይደግ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እሱ አያውቅም። ተክሉ አበባ እስኪያወጣ እኔ በዚያ ግቢ በተጠርጣሪነት መኖሬ ነው። ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት፤ ሰማኝና እሺ አለ። ከማንጎው ጥግ ሦስቱን መርጬ ዙሪያቸውን በግራር እሾህ አጠርኩ። ለእማማ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ በዚያ በኩል ሲያልፉ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ዱዓ እያደረጉ።

ተክሎቹ ፈጥነው አደጉ። ግንዳቸው ባላ እየሆነ ለሁለት ይከፈላል። ቅጠላቸው ሰፍቶ ጠርዙ ጥርስ አወጣ። እምቡጥ ሊያወጡ ነው ብዬ ስጠብቅ አንድ ጠዋት ብሄድ እሾሁ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ ሦስቱም ተነቅለው ሥራቸው ፀሐይ ላይ ተንጋሏል። እትዬ ናት አልኩ። ማስረጃውን እያጠፋች ነው። ጮኼ ልሰድባት ፈልጌ ነበር፤ ዝም ማለት ይሻለኛል ብዬ ተውኩት። ሥሩ ያልደረቀውን አንዱን አንሥቼ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከልኩትና ክፍሌ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ፤ በማግሥቱ ቀና አለ። ባለቤቴ መጥቶ ሲያየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ምን ልታደርጊበት ነው አለኝ። ስሙን ልጠይቀው አልኩት። አልሳቀም።

ጀሪካን ውስጥ ያለው የመጀመሪያውን እምቡጥ ባወጣበት ሰሞን ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። አሮጊት ናቸው፣ ክርስቲያን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። አባባ ከታመሙ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወሬ አላወሩኝም ነበር፤ እሳቸውም ጠርጥረውኛል ብዬ ነበር። ነይማ ወደዚህ ብለው በጓሯቸው በኩል አስገቡኝ። ግቢያቸውን ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዚያ ክረምት ጓሯቸውን አላረሙም። ከመደቡ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ተክል ቆሟል። በየባላው መካከል ረጅም ጥሩንባ የመሰለ ነጭ አበባ። ከሥሩ ደግሞ እሾህ የለበሰ አረንጓዴ ፍሬ፣ የእንቁላል ያህል። አስተናግር ነው። አስተናግርን የማያውቅ ማን አለ? በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያው ይበቅላል፤ ልጆች ሆነን ፍሬውን ስንነካ እጃችንን ተመትተናል። የበላ ሰው ብቻውን ያወራል እየተባልን ነው ያደግነው። ግን የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአበባውና በእሾሁ ነው። ገና ከመሬት ብቅ ሲል፣ ከአሉማ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

ጎረቤታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንድማቸው የቆሎ ተማሪ ሳለ ትምህርት እንዲገባው ብሎ አብሾ መጠጣቱን፣ አብሾ የሚባለውም ከዚሁ ተክል የሚዘጋጅ መሆኑን፣ ለቀናት ከማይታዩ ሰዎች ጋር ሲነጋገር መሰንበቱን አጫወቱኝ። አባባ ሲጮሁ ከአጥር ወዲያ ሆነው ሲሰሙ ወንድማቸው ትዝ ብሏቸው ነበር።

"ታዲያ ምነው ያኔ አልነገሩን?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ ልንገር ልጄ? በሰው ቤት ነገር ገባች እባላለሁ። ደግሞ እንዴት አወቅሽው ቢሉኝስ?"

የሚገርመው አስተናግሩ የቆመው በአንዱ መደብ ላይ ብቻ ነበር። ሌላው ጓሮ ንጹሕ ነው። ያ መደብ ምን እንዳለው ስጠይቃቸው፣ ከዝናቡ በፊት አባባ ከከብት አድላቢዎች በጋሪ ያስመጡትን ፍግ አካፍለዋቸው እዚያ ላይ እንዳፈሰሱት ነገሩኝ። የእኛም ፍግ የፈሰሰው አሉማው በበቀለበት ቦታ ነበር። እኔ በእሳቸው ግቢ ምንም ልቀብር አልችልም። እግሬ ደርሶ አያውቅም።

የግብርና ባለሙያውን ለመንኩት፤ መጣ። የዚያን ዕለት ባለቤቴም ቤት ነበር። ሁሉንም ወደ ጎረቤታችን ጓሮ ጠራኋቸው። ከእኛ ጓሮ የነቀልኩትን ሕፃኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ጀሪካኑን ከጎኑ፤ ከዚያ ትልቁን አሳየኋቸው። ባለሙያው ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ግንዱንና ቅጠሉን እያነጻጸረ አስረዳ። መጤ አረም ነው አለ፤ ከባሕር ማዶ ከመጣ ዘመን ቢያስቆጥርም አገር በቀል አይደለም። ተክሉ ራሱ ከአንድ ወቅት አያልፍም፤ ፍሬው ሲፈነዳ የሚበተነው ጥቁር ዘር ግን አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ በፍግና በጎርፍ ይጓዛል። አባባ ፍሬውን በዱላቸው ጫፍ ነክተው "አስተናግር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል" አሉ።

ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። እማማ ግን ተክሉን ትተው እኔን አዩ።

"አስተናግርን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ገባው። ስሙ ታወቀ፤ ስሙ ከታወቀ ደግሞ እኔ ላላውቀው አልችልም። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁት ማስረጃ ተመልሶ በእኔ ላይ ቆመ። ባለቤቴ መሬት መሬት ያይ ነበር።

የተናገረችው እትዬ ናት።

"እማማ፣ እኔም አላወቅሁትም" አለች። "ቅጠሉ ለአባባ አነሰ ብዬ ከፓፓያው ሥር ቀንጥሼ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ሳጥብ ነው የጨመርኩት። አሉማ ነው ብዬ ነው፣ ወላሂ።"

አባባ እንደታመሙ ጥርጣሬ ገብቷት ድስቱን እንዳጠበች፣ ተክሎቹን የነቀለችውም አበባ ካወጡ ነገሩ ወደ እሷ ይዞራል ብላ ፈርታ እንደሆነ ተናገረች። እናቷ እኔን ሲጠረጥሩ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃትም። ከእኔ ቅጠል ውስጥ ስንቱ አሉማ፣ ስንቱ አስተናግር እንደነበረ፣ ከእሷስ ውስጥ ስንቱ፣ አላህ ያውቃል።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፍጉን በጋሪ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሁላችንም አለንበት" አሉ። "አሁን ዘሩ ሳይረግፍ ንቀሉት።"

እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን የሁለቱንም ጓሮ ነቀልን። እትዬና እኔ ጎን ለጎን ሆነን፣ ሳንነጋገር። ፍሬ የያዘውን ለይተን አቃጠልን። ከሁሉ ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው እማማ በቆፈሩት በፓፓያው ሥር ነበር። ባለሙያው፣ አፈር ሲገለበጥ የተኛው ዘር ይነቃል አለ። እማማ ይህን ከሰሙ ወዲህ ወደ ጓሮው መውጣት ተዉ።

የጓዳው ቁልፍ ሳይነገር ተመለሰልኝ፤ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ራስጌ አገኘሁት። ባለቤቴ ይቅርታ በቃል አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ግን ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ያለሁበት ክፍል ሆነ፤ ሻዩንም ትኩሱን ይጠጣል። ከእትዬ ጋር ዛሬ እንቀራረባለን። ቢሆንም ድስቱን ስትፈትግ የነበረችው ሴት አንዳንዴ ትመጣብኛለች። እሷም በበኩሏ፣ እምቡጥ ያወጣውን መርዝ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ሳሳድግ ምን እያሰብኩ እንደነበር ጠይቃኝ ታውቃለች። መልሴን ያመነችው አይመስለኝም።

ልጃችን ከተወለደች በኋላ የራሳችንን ቤት ይዘን ወጣን። እማማ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ ከአንድ ትሪ እንበላለን። እንጀራውን ይቆርሳሉ፣ ወጡን ያጠቅሳሉ፣ ግን እኔ ቀድሜ እስክውጥ ድረስ ሳይጎርሱ ወሬ ይይዛሉ። ከዋጥኩ በኋላ ቢስሚላህ ብለው ይጎርሳሉ። ልማድ ይሁን ሌላ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። እኔም እሳቸው ቤት ስሄድ የቀረበልኝን ጎመን በእንጀራው ጫፍ ገለጥ አድርጌ ሳላይ አልጎርስም።